ክረምት ብለን የተረጎምነው ቪንተር

ኖርዌይና ስዊድን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወደ ሰሜኑ ጫፍ በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰረው የበረዶ መንሸራተቻ፣ ለመጓዝ ስናስብ መጀመሪያ የሚታየን የገና ፈቃድ ነው። ያሳሳተን ቃሉ ይመስለኛል። «ቪንተር»ን ክረምት ብለን ተረጎምነው፤ በረዶ የክረምት ነው፤ ክረምታቸው ደግሞ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ነው። ይህ ስሌት ሰሜን ኖርዌይ ያለችው ትሮምሶ ሲደርስ ይፈርሳል። ከተማዋ 69 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሰሜን ላይ ስለሆነች፣ ከኖቬምበር 27 እስከ ጃንዋሪ 15 አካባቢ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ዙሪያዋ ተራራ በመሆኑም ሰዉ ፀሐይን መልሶ የሚያያት ጃንዋሪ 21 ገደማ ነው። በእኛ ጥር 13፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ለመምጣቷ ደስታ ተብሎ በየቤቱ ጣፋጭ ዳቦ ይበላል።

አገር ቤት ብርሃን የጉዞ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። የአዲስ አበባ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሰዓታችንን እንኳ ከንጋት ጀምረን የምንቆጥረው ፀሐይ ስለማታጓድልብን ነው። ወቅትን የምንለየው በውሃ ነው። ስሜን ተራሮችን መውጣት የሚፈልግ ሰው ሐምሌንና ነሐሴን ያሳልፋል፤ መስቀል ካለፈ፣ ጭቃው ከደረቀ በኋላ ይነሳል። ሰሜኑ ጫፍ ላይ ግን ወቅት የሚለየው በመጀመሪያ በብርሃን ነው፣ ቀጥሎ በብርዱ፣ ከዚያም በረዶው በተነባበረበት ሁኔታ። ሦስቱ አንድ ላይ የሚመቹት ደግሞ ክረምት ብለን በጠራነው ወቅት መካከል ሳይሆን በመጨረሻው ነው።

የአካባቢው ሰዎች ለዚህ ጊዜ የራሱ ስም አላቸው። አጋዘን አርቢዎቹ ሳሚዎች ዓመቱን በስምንት ወቅት ይከፍላሉ፤ በክረምቱና በጸደዩ መካከል ያለውን ጊዳዳልቪ ይሉታል። የሰሜን ስዊድን ሰውም ቮርቪንተር ይለዋል፣ ጸደይ የገባበት ክረምት እንደማለት። ማርችና ኤፕሪል ነው። ለስኪ ጉዞ የሚሻለውን ጊዜ በአንድ ቃል ንገሩኝ የሚል ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው፤ ቀን ጨምሩበት ከተባለ ደግሞ ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ በእኛ ከመጋቢት 11 እስከ ሚያዝያ 22።

በማርች መጨረሻ ቀኑ ከ12 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ በየቀኑም ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ይጨምራል። ከመሸ በኋላ ያለው ድንግዝግዝታም ረጅም ስለሆነ፣ መንገድ የሳተ ሰው ምልክቱን ፈልጎ የሚያገኝበት ጊዜ አለው። የበረዶው ክምር ራሱ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የትሮምሶ ክብረ ወሰን የሆነው 240 ሴንቲሜትር የተለካው ጃንዋሪ ውስጥ ሳይሆን ኤፕሪል 29 ቀን 1997 ነው።

ስለ በረዶው ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ የረጋውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውንም በረዶ እንላለን፤ አመዳይ የሚለውን ቃል ካልተጠቀምን በቀር። ተዳፋት ላይ ግን ልዩነቱ ሕይወት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስስ በረዶ ላይ ብርቱ ብርድ ሲያርፍበት፣ ከመሬቱ አጠገብ ያለው ንብርብር እርስ በርሱ የማይያያዝ፣ እንደ ስኳር ፍሬ የሚንሸራተት ይሆናል። በላዩ አዲስ በረዶ ይከመራል፤ ነፋስም ከወዲያኛው ጎን ጠራርጎ በከለላው በኩል ጠንካራ ሰሌዳ አድርጎ ይጭነዋል። አንድ ስኪ ሲያርፍበት ሰሌዳው ተሰንጥቆ ሙሉው ተዳፋት ይወርዳል። ኤፕሪል ሲደርስ ንብርብሮቹ ብዙ ጊዜ ተጣብቀዋል፤ ይህ ግን ዋስትና አይደለም። አደገኛው ዝንባሌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ነው። ከ30 በታች የሚሄድ ሰውም ከበላዩ ያለውን ገደል ቀና ብሎ ማየት አለበት። ቢኮን (የተቀበረ ሰው ያለበትን በሬዲዮ ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ)፣ ቢያንስ 240 ሴንቲሜትር የሚረዝም የመፈለጊያ ዘንግና የብረት አካፋ እያንዳንዱ ሰው ይይዛል፤ የተቀበረ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል ከውጪ ዕርዳታ ጠርቶ መጠበቅ አይሆንም።

ኖርዌይ ውስጥ የበረዶ ናዳ ትንበያው በየቀኑ ቫርሶም በተባለው የመንግሥት አገልግሎት በአምስት ደረጃ ይወጣል፤ ማንም ሳይከፍል ያነበዋል። አገር ቤት የስሜንን ጭጋግና ውርጭ ከደባርቅ ስካውቶችና ከበቅሎ ነጂዎቹ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁት ግን አጠገባቸው ለቆመው መንገደኛ ብቻ ነው የሚደርሰው። ይህ ዕውቀት በየማለዳው ተጽፎ ቢወጣ ስንቱን በጠቀመ።

ብርዱን በዲግሪ ብቻ መመዘን ያሳስታል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሴኮንድ 10 ሜትር ሲነፍስ፣ ፊት የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ነው፤ በዚያው ነፋስ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ከሆነ ደግሞ 33 ገደማ። ባሕር ዳር ያሉት ትሮምሶና ሊንገን ሞቃቱ የውቅያኖስ ሞገድ ስለሚደርስላቸው ለዘብ ይላሉ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ካራሾክ በ1886 ከዜሮ በታች 51.4 ተመዝግቦባታል። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ወደ ውስጥ የሚጓዝ ሰው ዕቃው ይከዳዋል። ቡቴን ከዜሮ በታች ስለማይተን ተራ የጋዝ ምድጃ አይነድም፤ ነጭ ቤንዚን የሚያነድ ምድጃ ይያዝ፣ በረዶ ለማቅለጥም ለአንድ ሰው በቀን 2 ዲሲሊትር ገደማ ይታሰብ። ለዳገት ከስኪው ስር የሚለጠፈው ጸጉራም ጨርቅ ሙጫው በረዶ ከነካው አይይዝም፤ በእረፍት ጊዜ ከጃኬት ውስጥ ይቀመጥ። ስልክም እንዲሁ።

ለጀማሪ ምርጡ ኩንግስሌደን የተባለው የስዊድን የተራራ መንገድ ነው፦ ከአቢስኮ እስከ ኒካሉኦክታ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ሳምንት፣ በየዕለቱ ማደሪያ ጎጆ የሚገኝበት። ከፍተኛው ማለፊያ ቼክትያ 1,140 ሜትር ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን ያለው የስቫልባርድ ደሴቶች ምድር በአንጻሩ የልምድ ሰዎች አገር ነው፤ ከሰፈር ውጭ ነጭ ድብ ማባረሪያ መያዝ ግዴታ ነው፣ ፀሐይም ከተማው ሎንግየርቢየን የምትደርሰው ማርች 8 ገደማ ነው።

የኖርዌይ ፋሲካ ሐሙስ፣ ዓርብና ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሕዝቡ ወደ ተራራ ይተማል፤ በዚያ ሳምንት ጎጆ አስቀድሞ ያልያዘ መሬት ላይ ሊያድር ይችላል። በ1967 ፋሲካ 18 ሰው ከሞተ በኋላ ዘጠኙ የተራራ ሕጎች በመላው አገሪቱ ተሰራጩ። ከሁሉ የሚጠቀሰው «መመለስ አያሳፍርም» የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ከመንገድ መመለስ ብዙ ጊዜ እንደ ገድ ማጣት ይቆጠራል፤ ይህን ስሜት ይዞ ወደዚያ ተራራ መሄድ አይገባም።

ኤፕሪል ሲያልቅ ችግሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በረዶውን ታለሰልሰዋለች፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ የዞረው ተዳፋት እርጥብ ናዳ ያወርዳል። ሌሊቱን ውርጭ ያጠነከረው በረዶ ላይ በማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት መውረድ ነው። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ብርሃኑ ከበረዶው ስለሚመለስ ከአፍንጫ ስርና ከአገጭ ስር ቅባት ይቀባ፣ ጥቁሩ መነጽርም በደመና ቀን እንኳ አይውለቅ። ሜይ ላይ አጋዘኖች ስለሚወልዱ መንጋ ከታየ ራቅ ብሎ መዞር ግድ ነው። የኩንግስሌደን ጎጆዎችም ወሩ ሲጠባ ይዘጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ በወንዞቹ ላይ ያለው በረዶ ሰው አይሸከምም።