ለቀሪ ኪሎ ሜትር ገማቹ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የቀሪ ኪሎ ሜትር ገማች
ከመሪው ጀርባ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ጎን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በናላርቦር መንገድ ላይ ስለሚሰጡት ተስፋ ማብራሪያ መጠየቅን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክቡርነትዎ ታንከሩ በሞላ ቁጥር በዳሽቦርዱ ላይ ብቅ ብለው «660 ኪሎ ሜትር ይኬዳል» የሚል መግለጫ እንደሚሰጡ፣ ይህም መግለጫ በከተማ ውስጥ ማንንም እንዳልጎዳ አልክድም። እኛ አበሾች በምንበዛበት በሜልበርን ፉትስክሬይ ማደያ ሩቅ ስላልሆነ ግምትዎ ልክ ይሁን ስህተት የሚያጣራው ሰው የለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን በደቡብ አውስትራሊያ ካለችው ከሴዱና በምዕራብ አውስትራሊያ እስካለችው ኖርስማን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው፣ የናላርቦርን ሜዳ አቋርጦ በታላቁ የአውስትራሊያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚያልፈው ኤር አውራ ጎዳና ነው፤ በዚያ የእርስዎን መግለጫ የሚያጣራው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነውና።

አሠራርዎን በጥቂቱ እንድዘረዝር ይፍቀዱልኝ። ክቡርነትዎ የሚያውቁት ያለፈውን ብቻ ነው። መኪናው በቅርቡ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደበላ ይይዙና፣ በታንከሩ የቀረውን በዚያ አካፍለው ስለ ወደፊቱ ይናገራሉ። 60 ሊትር የሚይዝ መኪና በየ100 ኪሎ ሜትሩ 9 ሊትር እየበላ ከመጣ 660 ማለትዎ በሂሳብ አያስወቅስም። ሆኖም ሰውየው ሴዱና ላይ ድንኳኑን፣ ፍራሹንና የልጆቹን ብስክሌት በፖርቶ መጋላው ላይ ቆልሎ፣ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ሕጉ በሚፈቅደው በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ምዕራብ ሲገሰግስ፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ ግንባሩን ሲለው፣ ፍጆታው 13 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ያው 60 ሊትር የሚያስኬደው 460 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የጎደለው 200 ኪሎ ሜትር ከየትኛው በጀት እንደሚወራረድ በመግለጫዎ ውስጥ አልተመለከተም።

ይባስ ብሎ፣ ቀስ እያለ የሚሄድ ተጎታች ቤት ከፊታችን ገብቶ ለጥቂት ጊዜ ፍጥነታችንን ከቀነስን፣ ቁጥርዎ መውረዱን ትቶ ሽልማት እንዳየ አዝማሪ ወደ ላይ ያነሣል። ነዳጅ እየተቃጠለ የሚሄዱበት ርቀት እንዴት እንደሚጨምር ለሕፃን ልጅ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ለአዋቂው ማስረዳት ግን አያስፈልግም፣ መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነውና።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፤ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ያለው ነዳጅ ራሱ በቦቴ መቶዎችን ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ ስለሚመጣ ዋጋው ከከተማው ይወደዳል፤ ቆንቋና አሽከርካሪ ደግሞ የማደያውን ሰሌዳ አይቶ ሲደነግጥ ወዲያው ዓይኑን ወደ እርስዎ ይጥላል። እርስዎም አያሳፍሩትም። ከሁለቱ ክፍላተ ግዛት ድንበር አለፍ ብላ ባለችው ዩክላ ላይ ታንከሩን ሞልቶ ወደ ምዕራብ የተነሣ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። ማንድራቢላ ወደ 65፣ ከዚያ ማዱራ ወደ 115፣ ከዚያ ኮክልቢዲ ወደ 90፣ ከዚያም ካይጉና ወደ 65 ኪሎ ሜትር ነው። ከካይጉና ቀጥሎ ያለው ማደያ ባላዶኒያ ሲሆን እስከዚያ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ሲደመር 515 ይሆናል። እርስዎ ዩክላ ላይ 660 ስላሉ፣ ሰውየው 145 ኪሎ ሜትር ትርፍ እንዳለው ቆጥሮ አራቱንም ማደያዎች እጁን እያውለበለበ ያልፋቸዋል። እውነተኛው አቅሙ 460 ስለሆነ ግን ባላዶኒያ ሊደርስ 55 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይቆማል። የሚቆምበትም ቦታ ተራ ቦታ አይደለም፤ 146.6 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት ኩርባ በሚዘልቀው፣ በአውስትራሊያ በቀጥተኛነቱ በታወቀው መንገድ ላይ ነው። ከፊትም ከኋላም የሚመጣውን መኪና ከሩቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። እግረ መንገዴን ለማስታወስ ያህል፣ ስካይላብ የተባለው የጠፈር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወድቅ ባለሙያዎቹ ስብርባሪውን ውቅያኖስ ላይ ሊያሳርፉት አስበው ሳለ ከፊሉ በዚህ አገር ላይ ተበተነ፤ ስለዚህ የማረፊያ ግምት በመሳት ክቡርነትዎ የመጀመሪያው አይደሉም።

በምሥራቁ በኩልም ነገሩ ቀላል አይደለም። ከነንድሩ እስከ ናላርቦር ማደያ ወደ 145፣ ከዚያ በድንበሩ ላይ እስካለው ማደያ እስከ ቦርደር ቪሌጅ ወደ 185 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህኛው ክፍል የቡንዳ ገደል ከባሕሩ በላይ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ሁሉም እየተጠመዘዘ ወደ ማያው ይወጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። ለፎቶ የተሄደውን ኪሎ ሜትር በዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባ ሰው እስካሁን አላየሁም። ከቦርደር ቪሌጅ 12 ኪሎ ሜትር አልፎ ዩክላ ሌላ ማደያ መኖሩ ደግሞ መንገደኛውን ያሞላቅቀዋል፤ ሁሉም እንዲህ ተጎራብቶ የሚጠብቀው ይመስለዋል።

ሰዓቱም አለ። አንዳንዶቹ ማደያዎች ማታ ይዘጋሉ፤ በጨለማ መንዳት ደግሞ ከካንጋሩ፣ ከዎምባትና ከግመል ጋር መጋጨትን መጋበዝ ነው። ከድንበሩ እስከ ካይጉና አካባቢ ያሉት ሰዎች በሕግ ያልጸደቀ የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ከምዕራብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ከፐርዝ 45 ደቂቃ ይቀድማል። ስድስት ሰዓት ያህል ልዩነት ያለው የሰዓት አቆጣጠር ይዘን ዓለምን ለምንዞር ለእኛ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝና «ከመዘጋቱ በፊት ግማሽ ሰዓት አለኝ» ብሎ ለተጽናና ሰው ግን ማደያው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ተዘግቷል ማለት ነው። ክቡርነትዎ በኪሎ ሜትር እንጂ በሰዓት ስለማይናገሩ በዚህ ጉዳይ አልከስዎትም።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። ታንከሩ ግማሽ ሳለ ማንም ሳይጠይቅዎ በየደቂቃው መግለጫ ይሰጣሉ። ነዳጁ ተሟጦ መንገደኛው ትክክለኛውን ቁጥር ከምንጊዜውም በላይ ሲፈልገው ግን በብዙ መኪኖች ላይ ቁጥሩን ያነሡና ሦስት ሰረዝ ብቻ አስቀምጠው ይሰወራሉ። ይህን አሠራር በሚገባ እናውቀዋለን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ።

መንገዱ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1841 ይህን ዳርቻ በእግሩና በፈረስ ካቋረጠው ከኤድዋርድ ጆን ኤር ነው። እርሱ የሚፈልገው ቤንዚን ሳይሆን ውኃ ነበር፤ የሚነግረው ዳሽቦርድ ስላልነበረው የአገሩን ነባር ሕዝብ ጠየቀ፣ እነርሱም በባሕሩ ዳር ያለውን የአሸዋ ክምር ቆፍሮ ውኃ የሚወጣበትን ቦታ አሳዩት። ዋይሊ ከተባለው የአገሬው ተወላጅ ጋር ሞት አፋፍ ላይ ደርሰው ሳለ፣ በኤስፐራንስ አቅራቢያ መልሕቁን የጣለ የፈረንሳይ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ስንቅ ሰጣቸው። በዛሬ ቋንቋ ያልታቀደ ማደያ ማለት ነው፤ በእርስዎ ተማምኖ ለሚወጣ ሰው ሁሉ መርከብ እንደማይታዘዝለት ግን ይታወቅ።

በመሆኑም ከዚህ በኋላ ከሴዱና እስከ ኖርስማን ድረስ ሥልጣንዎ ለጊዜው ተገድቦ፣ ርቀቱ ከካርታ፣ ፍጆታው ደግሞ ማደያ ላይ ከተሞላው ሊትርና ከተሄደው ኪሎ ሜትር በእጅ ተሰልቶ፣ በወረቀት ተጽፎ እንዲለጠፍብዎ ተወስኗል። ከማደያ ስንነሣም ቀጣዩ ማደያ ነዳጅ እንዳለውና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የምንጠይቀው ሻጩን ይሆናል። ወረቀቱ ፊትዎን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው ቅሬታዎን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ወደ ምዕራብ ተጓዥ

ግልባጭ፦
ለአየር ማቀዝቀዣው፣ ድርሻውን እንዲያውቅ
በፖርቶ መጋላው ላይ ለሚገኙት ብስክሌቶች
ለጀሪካኑ፣ በተጠንቀቅ እንዲቆይ