ከመስቀል አደባባይ እስከ ሮክ ክሪክ፤ ሩጫ፣ ክብደትና ፍጥነት

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ የደረሰ ሰው ደረጃዎቹን በሯጭ ተሞልተው ያገኛቸዋል። ብዙው ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቧል፤ ላቡ እንዲወርድለት ከውስጥ ላስቲክ የለበሰም አይጠፋም። ዋሽንግተን ዲሲ ሮክ ክሪክ ፓርክ ደግሞ፣ ለመኪና በተዘጋው የቢች ድራይቭ መንገድ ክፍል ላይ፣ ሐበሻው ብቻውን ይሮጣል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ እጁ ላይ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰዓት። የሁለቱም ፍላጎት አንድ ነው፦ ቦርጭ እንዲጠፋ፣ እግር እንዲፈጥን። የሚሰናከሉበት ቦታም አንድ ነው። በየቀኑ በዚያው መካከለኛ ጥድፊያ ይሮጣሉ፤ ክብደቱንም ሩጫው ብቻ እንዲያወርድላቸው ይጠብቃሉ።

የሚያስቆጨው፣ የፍጥነቱ እውቀት ከመስቀል አደባባይ ብዙም ሳይርቅ እንጦጦ ጫካ ውስጥ መኖሩ ነው። ታምራት ቶላ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲያሸንፍ አማካይ ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ነበር። በዚህ ደረጃ የሚሮጡ አትሌቶች በቀላል ቀናቸው ጫካ ሲገቡ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ አንዳንዴ በኪሎ ሜትር ከ5 ደቂቃ በላይ እየወሰዱ ይሮጣሉ። ዳገቱና ከፍታው አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ሆን ብለው ማድረጋቸው ነው፤ ቀላል ቀን ካልቀለለ ከባዱ ቀን አይከብድም። 10 ኪሎ ሜትር በ60 ደቂቃ የሚጨርስ የቢሮ ሠራተኛ ግን ውድድሩን በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ሮጦ፣ በአዘቦቱም ቀን 6 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይሮጣል። የእሱ ቀላል ሩጫ ከ7 ደቂቃ እስከ 7 ደቂቃ ከ45 መሆን ነበረበት። መለኪያው አፍ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻለ ልክ ነው፣ ካልቻለ ፈጥኗል። ውጭ ያለው ሰው በዚህ የበለጠ ይፈተናል። የሮጠበትን ፍጥነት ጓደኞቹ ስልካቸው ላይ ስለሚያዩበት ዝግ ማለት ያሳፍረዋል። አገር ቤት ያለው ደግሞ አብሮት የሚሮጠውን ላለማጣት ይጣደፋል።

ስለ ላስቲኩም መባል ያለበት አለ፤ ጉዳቱ ቀላል አይደለምና። ላብ ውሃና ጨው ነው፣ ስብ አይደለም። ከሩጫ በኋላ ሚዛን ላይ የጎደለው 1 ኪሎ ማታ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ሙቀት ሲታፈን ልብ በከንቱ ይደክማል፣ ሰውየውም 8 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበትን ጉልበት 5 ላይ ይጨርሰዋል። እንዲቀልጥለት የፈለገው ስብ በዚያው መጠን ሳይነካ ይቀራል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሩጫ በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ይፈጃል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 640 ካሎሪ ያወጣል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሮጥ 1,900 ገደማ። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ የሳምንቱ ሩጫ ሩብ ኪሎ ያወርዳል ማለት ነው። አሁን ወደ ወጡ እንምጣ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። ከቀኑ ምግብ ሦስት ማንኪያ ዘይት የቀነሰ ሰው በሳምንት 2,500 ካሎሪ ያተርፋል፤ ከሦስቱ ሩጫ ይበልጣል። ሽንኩርቱን በጥቂት ውሃ ቀድሞ አብስሎ ዘይቱን በኋላ በማንኪያ ለክቶ ማስገባት፣ ቂቤውንም ከጠርሙሱ ከማፍሰስ በማንኪያ መጨመር የወጡን ጣዕም ብዙ አይጎዳውም። አገር ቤት የዘይት ዋጋ ራሱ እጅን ይይዛል። በዲሲ ዙሪያ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ግን ዘይት ርካሽ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጥብሱና ቢራው አለ። በዚያ ላይ ታክሲና ኡበር የሚነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ሰው በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ተቀምጦ ይውላል። አዲስ አበባ ታክሲ ፍለጋ ብቻ የሚኬደው እርምጃ እዚያ የለም። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች እኩል የሚሮጡ ሁለት ሰዎች እኩል አይከሱም።

ክብደት ሲቀንስ ፍጥነት የሚጨምረው ግን አቅም አብሮ ካልወረደ ነው። ከ80 ወደ 74 ኪሎ የወረደና ጡንቻውን ያልጎዳ ሰው የ60 ደቂቃውን 10 ኪሎ ሜትር ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ሊቀንስ ይችላል። ለዚህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ፣ ማለትም በቀን 500 ካሎሪ ማጉደል ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ የወረደለት ሰው መደሰት ያለበት በልክ ነው፤ አብዛኛው ውሃ ነው። በጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ስኳር ሲያልቅ የያዘውን ውሃ ይዞ ይወጣል። ያ ስኳር ራሱ የፈጣን ሩጫ ነዳጅ ስለሆነ እንጀራን ጨርሶ ያቆመ ሯጭ ክብደቱ ሲወርድ እያየ እግሩ እንደ እርሳስ ይከብደዋል። የሚጎድለው ምግብ ከዕረፍትና ከቀላል ቀን ይጉደል እንጂ ከከባድ ልምምድ ዋዜማና ማግስት አይጉደል።

ጾሙም እዚህ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በእነዚያ ቀናት ወይ ይረፍ፣ ወይ ከማፍረሱ በፊት 30 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሩጥ። ከባዱን ልምምድ ማክሰኞ ጠዋት ቢያደርገው በቀሪው ቀን በልቶ ይጠግናል። ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ከሆነ የዓርብ ማታው ማዕድ ሞላ ያለ ይሁን። ክብደት እየቀነሰ ለሚሮጥ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ80 ኪሎ ሰው 128 ግራም። በሁዳዴ ይህን መሙላት ቀላል አይደለም፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር የሚሰጠው 25 ግራም ያህል ነው። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ማብዛት፣ ዘይቱን ማሳነስ ያስፈልጋል። ዳቦና ድንች በዘይት ብቻ የሚጾም ሯጭ ጾሙን የሚፈታው ወፍሮና ዝሎ ነው። ቡናውም ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ፤ ከማዕድ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳል። በተለይ የወር አበባ የምታይ ሯጭ ያለ ምክንያት ከዛለች ሐኪሟን ፌሪቲን፣ ማለትም የብረት ክምችትን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ እንዲለካላት ትጠይቅ፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የብረት ክምችቱ ያለቀ ሊሆን ይችላልና። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ደግሞ ምግቡ አንሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ልምምዱ ራሱ ብዙ ቃል አይፈልግም። በሳምንት አራት ቀን፣ ሦስቱ ቀላል፣ ከሦስቱ አንዱ ከ70 እስከ 90 ደቂቃ። በፈጣኑ ቀን ከ15 ደቂቃ ማሟሟቂያ በኋላ 1 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ዝግ፤ ስምንት ጊዜ። ከአራት ሳምንት በኋላ በ5 ኪሎ ሜትር የውድድር ፍጥነት አምስት ጊዜ 1,000 ሜትር፣ በመካከል 2 ደቂቃ ተኩል ሶምሶማ። የመጀመሪያው ዙር ከሁሉም የፈጠነ ከሆነ ልምምዱ ተበላሽቷል። ከአንድ ቀላል ሩጫ በኋላ ደግሞ 20 ሰከንድ ዘርጋ ብሎ መሮጥ አራት ጊዜ። ርቀቱ በሳምንት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይጨመር። የቅልጥም ፊት ሕመም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ልብና ሳንባ ከአጥንት ቀድመው ስለሚለምዱ ነው። ለዚህም ነው 95 ኪሎ ሆኖ የመስቀል አደባባይን ደረጃ በሲሚንቶው ላይ እየዘለሉ መጀመር የማይመከረው። የእኛ አሠልጣኞች በሳምንቱ ውስጥ ጫካ፣ ኮሮኮንችና አስፋልት እያቀያየሩ የሚያሠሩት ለዚህም ጭምር ነው። ዲሲ አካባቢ ያለ ሰውም ለስላሳ መሬት አያጣም፤ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳርቻ አፈርና ጠጠር ነው።

ሚዛኑን በተመለከተ የውጩ ሰው ይሻላል፤ ቤቱ ውስጥ አለው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በተቀመጡ ልጆች ዘንድ ከነጫማው፣ ከምሳ በኋላ የሚመዘን ሰው የሚያገኘው ቁጥር በ2 ኪሎ ሊሳሳት ይችላል። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት፣ ሳይበሉ ተመዝኖ የሳምንቱን አማካይ ማየት ነው። አገር ቤት ሌላም ፈተና አለ፤ የከሳን ሰው «ምነው ታመሃል እንዴ?» እያሉ ጉርሻ የሚያበዙ ዘመዶች። ፍቅር ነውና አያስከፋም፤ ግን አስቀድሞ መንገር ይበጃል።

ከዲሲ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ተነሥቶ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚያርፈው። በመጀመሪያው ሳምንት በኪሎ ሜትር ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ቢዘገይ ኮንዲሽኑ ወርዶ አይደለም፤ አየሩ ነው። ሰዓቱን አውልቆ በትንፋሹ ይሩጥ። ክብደት መቀነሱንም ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ያቁም፤ ከዚያ በኋላ እስኪጠግብ ይብላ። በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ክብደቱ እየወረደ የፈጣኑ ቀን ሰዓቱ የሚዘገይበት ሰው ግን ያን ያህል እንኳ አይጠብቅ፤ ምግቡን በዚያው ቀን ይጨምር።