«ወተትሽ አይበቃውም» ለምትሉ ሁሉ

አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሐኪም የሚሆነው ለምንድን ነው? ገና ገንፎው ሳይቀርብለት ሕፃኑ አንዴ እሪ ካለ ፍርዱ ይሰጣል፦ «ወተትሽ አይበቃውም!» ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ላይ ይሁን ቢቸና ገጠር፣ ቃሉ አይለወጥም። ፈራጁ ሕፃኑ ጡቱን እንዴት እንደያዘ አላየም። ስንቴ እንደሸና አልጠየቀም። ክብደቱን አያውቅም። ግን ፈርዷል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። አባት ተሯሩጦ የዱቄት ወተትና ጡጦ ይገዛል። ሕፃኑ በጡጦ ጠግቦ ይተኛል፣ ጡቱ ሳይጠባ ያድራል። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ማምረቱን ይቀንሳል። በተለይ የሌሊቱን ማጥባት ያስዘለለ ቤት ራሱን ይጎዳል፤ ወተት እንዲመረት የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ከፍ የሚለው ሌሊት ነውና። በሳምንት በሁለት ሳምንት ወተቱ እውነትም ያንሳል። ያኔ እነዚያው ሰዎች ተመልሰው «አላልንም?» ይላሉ። ያደረቃችሁትማ እናንተው ናችሁ!

የሚያናድደው ይህ የሚባለው ከብት በሚያውቅ አገር መሆኑ ነው። ያልታለበች ላም እንደምትነጥፍ ለጎጃም ገበሬ ማን ያስተምረዋል? ጥጃ እንገሩን ካልጠባ እንደማይጠና አያውቅም? ለሰው ልጅ ሲሆን ግን ቢጫውን እንገር «ቆሻሻ ነው፣ ሆዱን ያመዋል» ብሎ የሚያስደፋ፣ በምትኩ ለጋ ቅቤ የሚያስውጥ፣ የስኳር ውኃ የሚያስልስ ሞልቷል። ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከለው እኮ እዚያ ቢጫው ውስጥ ነው ያለው። ጥቂት መሆኑም ጉድለት አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚፈልገው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። ወተቱ በደንብ የሚወርደው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን በኦፕራሲዮን የወለደች ላይ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ቅቤው ግን ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፣ የስኳር ውኃው ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ሁለቱም ሆዱን ሞልተው ከጡት ያዘናጉታል።

መለኪያ ካስፈለገ ለቅሶውን ተዉትና የሽንት ጨርቁን ቁጠሩ። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ የራሰ ጨርቅ ካለ፣ ሰገራው ከጥቁር ወደ ቢጫ ከተለወጠ፣ መጀመሪያ የቀነሰውን ክብደት በ2 ሳምንት ገደማ ከመለሰ፣ ወተቱ በቅቶታል። ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ወይም ሽንቱ ካነሰ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት፣ ማታ ማታ ደግሞ ከጡት አልላቀቅ ማለት ግን የሕፃን ደንብ ነው። ውኃም አይጨመርለት፣ አባይ በረሃ ላይ ቢሆንም። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው።

ደግሞ «ቻይው፣ የመጀመሪያ ልጅ ነው» የምትሉ አላችሁ። ጫፉ ተሰንጥቆ ደም እየወጣ ምን ትቻለው? ሕፃኑ ሲይዝ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጠጥ ማድረጉ ያለ ነው። እስከ መጨረሻው የሚያም ከሆነ ግን አያያዙ ተበላሽቷል፤ ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው። ማስተካከያው እንዲህ ነው። ሆዱ ከእናቱ ሆድ ጋር ይግጠም፣ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው ቀጥ ይበሉ፣ አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ይሁን። በጫፉ የላይ ከንፈሩን ነካ ነካ ስታደርገው አፉን ሰፋ አድርጎ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ፈጥና ሕፃኑን ወደ ጡቱ ታምጣው። ጡቱን ወደ ሕፃኑ እያጎነበሰች መውሰድ የወገብ ሕመም ብቻ ነው ትርፉ። በትክክል ከያዘ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጠቆር ያለው ክፍል ከታች ይልቅ ከላይ በዝቶ ይታያል። ጡቱ ከአፉ ሲወጣ ጫፉ በአንድ በኩል ተጠፍጥፎ ከተገኘ አልያዘም ማለት ነው፤ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ አላቅቆ እንደገና መሞከር ነው።

ይህን ሳያዩ «እንጥሉ ወርዶ ነው የማይጠባው» ብለው በምላጭ የሚያስቆርጡም አሉ፣ እስከ ዛሬ! እንጥል ከመጥባት ጋር ምንም ጠብ የለውም። መቆረጡ ግን ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ሕፃኑም አፉ ቆስሎ ጭራሽ መጥባቱን ይተዋል። ምላሱ ከሥር የተያዘ ከመሰላችሁ እሱን የሚያይ ባለሙያ አለ።

ጡቱ አጋቶ ሲጠጥርማ ሌላ ጉድ ነው። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ትጨምቃለች፣ ሌላዋ ቅቤ ቀብታ በመዳፏ ኃይል ታሻለች። አትሹ! ውስጡ ያበጠ ሥጋ በጉልበት ሲታሽ ይብስበታል። ከማጥባት በፊት ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ጨርቅ፣ በመካከል ቀዝቃዛ ጨርቅ፤ ጡቱ ጠጥሮ ሕፃኑ መያዝ ካቃተው በእጅ ጥቂት አልቦ ማለስለስ። አንድ ቦታ ቀልቶ ካቃጠለ፣ ትኩሳት ከ38 ነጥብ 5 ካለፈና ሰውነት ከቆረጠማት በዚያም ጡት ማጥባቷን አታቁም፣ ወተቱ ሕፃኑን አይጎዳውም። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት ግን ወደ ሐኪም፤ ዝም ከተባለ መግል ይቋጥራል።

ስለ ጡት ወተት ማለቢያ ማሽኑም እንነጋገር። ገንዘብ ተከስክሶ ይገዛል፣ «አልሠራም» ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጡት ላይ የሚደፋው ፈነል ነው። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው በአብዛኛው 24 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁሉም ሴት ጡት ጫፍ ደግሞ አንድ አይደለም። የጫፉን ስፋት በማስመሪያ ለኩ፤ ፈነሉ ከዚያ ጋር እኩል ወይም እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚበልጥ ይሁን። ከሰፋ ጠቆር ያለውን ክፍል ጎትቶ ያሳብጠዋል፣ ከጠበበ ይፈትጋል። የመሳብ ኃይሉን እስከ መጨረሻው መክፈትም ወተት አያበዛም፤ ሕመም ወተት የሚያወርደውን ሆርሞን ያግደዋል። በፈጣንና ቀላል ስበት ጀምሮ ወተቱ መውረድ ሲጀምር ወደ ዝግታው መዞር፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቃ። ማሽኑ ድምፅ እያሰማ ካልሳበ ትንሿን የሲሊኮን ቫልቭ ብርሃን ላይ እዩአት፤ ተሰንጥቃ ወይም ተልጣ ይሆናል። ደግሞ ሕፃኑን አጥብታ የምታልብ ሴት ከሁለቱም ጡት ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ብታገኝ ደንበኛ ነው፤ ጠርሙሱን አንሥታችሁ «ይቺው ናት?» አትበሏት!

መብራት ሲጠፋ እጅ አለ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጫን፣ ለቀቅ። ጣቱ ቆዳው ላይ አይንሸራተት። መጀመሪያ አንድ ሁለት ደቂቃ ምንም ላይወጣ ይችላል።

የታለበው ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ግን 25 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል፣ ስለዚህ በረዶ ያለበት ማቀዝቀዣ ሣጥን ያስፈልጋል። ስቡ ከላይ ሲሰፍፍ «ተበላሸ» ብሎ መድፋትም አለ፤ አልተበላሸም፣ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ሲሞቅ ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መንከር እንጂ ምድጃ ላይ መጣድ የለም። ጡጦ ከጡት ያለያየዋል ብላችሁ ከፈራችሁ የቡና ስኒ በቂ ነው፤ ቀና አድርጎ ይዞ ስኒውን የታች ከንፈሩ ላይ ማስጠጋት፣ ራሱ ይልሰዋል፣ አፉ ውስጥ አይፈሰስ።

አሁን ለአለቆች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ሐኪሙ ደግሞ 6 ወር ጡት ብቻ ይላል። የቀሩትን 3 ወራት የት ትለበው? ሽንት ቤት! ምግብ የሚዘጋጅበትን ቦታ አስቡት እንግዲህ። ከቤት ውጭ በምትሆንበት ሰዓት በየ3 ሰዓቱ ካልታለበች ልብሷ ይርሳል፣ ጡቷ ያብጣል፣ ወተቱም ይቀንሳል። የሚያስፈልገው ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሶኬት፣ እጅ መታጠቢያና 20 ደቂቃ ነው። የመዝገብ ቤቱን ጥግ በመጋረጃ መክፈል ይቻላል፤ ለዚህ ኮሚቴ አይቋቋምም፣ ቃለ ጉባኤም አያስፈልገውም።