የእንስሳት አካል ትምህርት ከሽምደዳ ይውጣ

ስለ ኢደንደሴ እንስሳት፣ ማለትም የጀርባ አጥንት ስለሌላቸው፣ የሚሰጠው የባዮሎጂ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በስም ዝርዝር ነው። ራዲያል ሲሜትሪ (አካል በመሃል ዙሪያ ሲደረደር)፣ ባይላተራል ሲሜትሪ (አካል ተመሳሳይ ግራና ቀኝ ሲኖረው)፣ ሲሎም (በአካል ግድግዳና በአንጀት መካከል ያለ ክፍተት)። ተማሪው ትርጉማቸውን ሸምድዶ ፈተና ላይ ያራግፈዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ከታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኢደንደሴ ናቸውና ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ። መጀመሪያ እንስሳው ምን ችግር አለበት፣ እንዴትስ ይወጣዋል ተብሎ ይጠየቅ፤ ስሙ ከዚያ ይምጣ።

ፕላናሪያን እንውሰድ። በወንዝና በኩሬ ድንጋይ ሥር የምትኖር ትንሽ ጠፍጣፋ ትል ናት። ሳንባ የላትም፤ ስንጥብም፣ የደም ሥርም የላትም። ኦክስጅን በቆዳዋ ሰርጎ እያንዳንዱ ህዋስ ዘንድ መድረስ አለበት፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ርቀቱ እጅግ አጭር ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ መወፈር አትችልም። ምግቡንም የሚያደርስላት ደም ስለሌለ አንጀቷ ራሱ ቅርንጫፍ እያወጣ በመላ አካሏ ይዘረጋል። አፏ ሆዷ ላይ ነው፤ ሌላ መውጫ ስለሌላት ያልተፈጨው ምግብ በዚያው ይመለሳል። ይህን ያየ ተማሪ ለምን ጠፍጣፋ ሆነች ቢሉት መልሱን ራሱ ያወጣዋል።

ሲሜትሪም እንዲሁ ነው። ሃይድራ የተባለችው ትንሽ የውሃ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ተጣብቃ ትጠብቃለች፤ የምትበላው ከየትኛውም አቅጣጫ ሊመጣ ስለሚችል ክንዶቿ በአፏ ዙሪያ ተደርድረዋል። ፕላናሪያ ግን ወደ ፊት ትጓዛለች፤ አዲስ ነገር ቀድሞ በሚገጥማት ጫፍ ላይ ዓይኖቿና የነርቭ ህዋሳቷ ተሰባስበዋል። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ራስም ጭምር ከጉዞ ጋር ተያይዘው ይገባሉ። ኮከብ ዓሣ እጭ ሳለ ግራና ቀኝ ኖሮት፣ ሲያድግ ባለ አምስት ክንድ መሆኑ ሲነገር ደግሞ ክፍሉ ሙሉ እጁን ያወጣል።

ስፖንጅ የተባለው ቀላል አካል ያለው የውሃ እንስሳ በመማሪያ መጽሐፍ በአንድ አንቀጽ መታለፉም ያሳዝነኛል። በ1907 እ.ኤ.አ. ዊልሰን የተባለ ተመራማሪ ስፖንጅን በቀጭን ጨርቅ አጥልሎ ህዋሳቱን ቢበታትናቸው መልሰው ተሰባስበው ስፖንጅ ሆነዋል። አካል ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ለመክፈት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

መምህራን ጊዜ የለም፣ ፈተናው የሚጠይቀው ቃሉን ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ለውጡ ከፈተናው ይጀምር፦ ተማሪው አይቶት የማያውቀው እንስሳ ሥዕል ይሰጠውና እንዴት እንደሚበላ፣ ይንቀሳቀስ እንደሆነና ይህን ከምን እንዳወቀ ይጻፍ።