የታደለ ሰልፈኛ

እንደ ድሬዳዋ ሰልፈኛ የታደለ የለም። ሌላው ዓለም መጀመሪያ ይናደዳል፣ ከዚያ ሰልፍ ይወጣል። የኛ ሰው ግን ንዴቱን በከንቱ አያባክንም። ጠዋት ሳቢያን ላይ ባስ ይመጣለታል። ቲሸርቱን በልኩ፣ ካልተገኘም በጎረቤቱ ልክ ይቀበላል። ምን እንዳናደደው ስታዲየም ሲደርስ ይነገረዋል።

አንዱን የሰፈሬን ልጅ ከዚራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር አገኘሁት። የባነሩን አንድ ጫፍ ይዟል። "ምንድን ነው የምትቃወሙት?" አልኩት።

"አቦ እኔ ከኋላ ነኝ፤ ዞረህ አንብበው!" አለኝ።

ዞሬ አነበብኩት። ውግዘት ነው። የሚወገዘው አካል ድሬ ውስጥ የለም፤ አገር ውስጥ መኖሩም ያጠራጥራል። ይህ ቀላል ጥበብ እንዳይመስላችሁ። መልስ ሊሰጥ የሚችለውን ሹም ተቃውመህ ነገ መታወቂያ ልታሳድስ ስትሄድ ከምትፋጠጥ፣ አማርኛ የማይሰማ ሰው ብታወግዝ ይሻላል። "የቧንቧ ውኃችን የት ገባ?" የሚል ባነር ፈልጌ አጣሁ። ለነገሩ ማን ይጽፈዋል? የታሸገ ውኃ በነፃ እየታደለ!

ሕጉም ለሰልፈኛ አይነፍግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብ፣ ሰልፍ መውጣትና አቤቱታ ማቅረብ መብት ነው ይላል። የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው። ይህን ያመነ የዋህ ደብዳቤውን ይዞ ሲሄድ "በቂ የጸጥታ ኃይል የለንም" ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ለእሁዱ የድጋፍ ሰልፍ እያረፉ ነዋ! እሁድ ግን በየማዕዘኑ አራት አራት ሆነው ቆመው ታገኛቸዋለህ።

ተቃዋሚውንም ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለዋል። የእሱ ችሎታ ለየት ያለ ነው። "ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ታሰረ" ሲባል በመጀመሪያ የሚጠይቀው "የማን ሰው?" ብሎ ነው። የኛ ከሆነ ወደ አደባባይ፤ የነሱ ከሆነ "ሕግ ይከበር!" የድሬ ወንበር 40-40-20 ተብሎ (40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው) ሲከፋፈል 20ው ውስጥ የወደቀው ግፍ ነው ብሎ ጮኸ፤ 40ው ውስጥ ያለው ታሪካዊ ፍትሕ ነው አለ። ነገ ቁጥሩ ተገላብጦ ቢያድር ሁለቱም መፈክር ይለዋወጣሉ እንጂ አዲስ አይጽፉም። በዚህ ኑሮ ቁጠባ አይናቅም።

አዲስ አበቤዎችም በ1997 ዓ.ም. እንደማይታሙ አሳይተዋል። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 ቅንጅት፣ እዚያው መስቀል አደባባይ። ሁለቱም ቀን ጢም ብሎ ሞላ። የኢሕአዴግን የንብ ቲሸርት ለብሶ የዋለው ስንቱ በማግስቱ የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣቱን፣ አውጥቶ እንደዋለ ቆጥሮ የነገረን የለም። ከምርጫው በኋላ፣ በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት፣ ጎዳና የወጡት ግን ምንም አልታደላቸውም። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቧል። እነሱ ላይ ሽሙጤ አይሠራም፤ ልለፈው።

የድሮዎቹማ ሞኞች ነበሩ። በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው ወጡ። ሞፈር ጨብጦ የሚያውቀው ስንቱ ነው? መሀላቸው የባለ ርስት ልጅም ነበረ። በገዛ አባቱ ርስት ላይ መፈክር! አበል እንኳ አልታሰበለትም። በየካቲት 1966 ደግሞ ቤንዚን ጨመረ ብለው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የኛ ባጃጅ ሰልጥኗል። ነዳጅ ሲጨምር ተቃውሞውን ለተሳፋሪው ነው የሚያሰማው፣ ያውም ከከዚራ መጋላ እስክትደርስ ድረስ።

ደግሞ የኛ ሰልፍ ሰዓት ያከብራል። ድሬ ላይ ስድስት ሰዓት ካለፈ እንኳን ሰልፍ አብዮትም ቢሆን በርጫ አይጋፋም። መፈክሩ ይጠቀለላል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይመዘገባል፣ ሁሉም ወደ ፍራሹ።

እዚያ ነው ጉዱ። ጠዋት "እንደግፋለን" ሲል ድምፁ የተዘጋው ሰው ጫቱ ሞቅ ሲያደርገው ይከፈትለታል። ስለ መብራቱ ያነሳል፣ ስለ ዘይቱ ያነሳል፣ ጉቦ ስለጠየቀው ሹም ያነሳል፤ ይህን ሁሉ ያለ ድምፅ ማጉያ። ማንም አላስተባበረውም። ከሁሉ ብሶ የሚሳደበው ደግሞ ጠዋት ስም ሲጠራ የነበረው ሰውዬ ነው። "አቦ እነዚህ ሰዎችዬ ጨረሱን እኮ!" ይላል፣ ገራባውን በስም ዝርዝሩ ላይ እየከመረ።