አንድ ጨምሩበትና እዩት

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ስለሆነው ፕራይም ቁጥር (ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው ስለሌለ ቁጥር) ተጠይቀው «የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው፤ እኔም አንድ ብጨምርበት የባሰ ትልቅ ቁጥር አገኛለሁ» አሉ። አዘጋጁ ስቆ አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

እስቲ እንጨምርበት። ተመራማሪው ሉክ ዱራንት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ያገኘው ቁጥር 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ አንድ ሲቀነስ የሚመጣው ነው። አንድ ሲጨመርበት የተቀነሰው ይመለሳል፤ የሚቀረን የሁለት ብዜት ብቻ ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ለሁለት ያካፍለዋል። እንግዳው የጨመሩት አንድ ፕራይምነቱን ገደለው። ትልቅነቱንማ ለብቻው ማን ፈለገው? 41,024,320 አሃዝ ይዞ ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው መታጣቱ ነው ጉዱ!

ይህም በግምት የተባለ አይደለም። የእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር መፈተኛ በወረቀት የሚሞከር ነው። ከ4 ተነሡ፤ በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ፤ ከሁለቶቹ ብዛት በሁለት ላነሰ ዙር ደጋግሙት፤ መጨረሻ ላይ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ፕራይም ነው። 31ን እንፈትን፤ አምስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ነው። 4 በ4 16፣ ሁለት ሲቀነስ 14። 14 በ14 196፣ ሁለት ሲቀነስ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 በ8 64፣ ሁለት ሲቀነስ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ። አበቃ፤ 31 ፕራይም ነው። እዚህ ሦስት ዙር በቃን፤ ለዱራንት ቁጥር 136,279,839 ዙር ያስፈልጋል፤ አንዲት ስሕተት በመሀል ብትገባ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ስለዚህ ደብሊን ያለ ማሽን የጠቆመውን ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ያለ ሌላ ማሽን አረጋገጠው፤ ከዚያም በሌሎች ማሽኖችና ፕሮግራሞች ዳግም ተፈተነ። እስቲ በአገራችን ውይይቶች ላይ ከሚነገረው ውስጥ የትኛው ነው እንዲህ የሚጣራው?

ዝነኛ መሆንም እዚህ አያድንም። ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር 67 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ፕራይም ይሆናል ብሎ ነበር። በ1876 የሒሳብ ሊቁ ሉካስ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ በ1903 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኮል አካፋዮቹን አወጣቸው፦ 193,707,721 እና 761,838,257,287። ክርክሩ በማባዛት ተዘጋ።

ይህ ፍለጋ መብራት ይፈጃል? አዎ፣ ይፈጃል። ለባንክ ምስጢር መጠበቂያ ይሆናል የሚሉ ደጋፊዎችም ተሳስተዋል፤ ባንኮች የሚጠቀሙት ጥቂት መቶ አሃዝ ያላቸውን ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የኢንቴል ኩባንያ ስካይሌክ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ጉድለት የተጋለጠው እነዚህን ፕራይሞች የሚፈልገው ፕራይም95 የተባለው ፕሮግራም ሲሠራበት ነው። ያንን ጉድለት ሥራ ፈት አላገኘውም።

ያን የሬዲዮ ውይይት ተማሪዎችም ይሰሙታል። አዘጋጁ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የሒሳብ መምህር ይጋብዝና ስሕተቱ በዚያው ማይክሮፎን ይታረም።