የሩቅ ሜዳ አርበኞች

የደሴን ሰው «ለጋራ ጉዳይ አይቆረቆርም» እያሉ የሚያሙ አሉ። እሑድ ምሽት 1:30 ላይ ፒያሳ ወጥተው ቢያዩን ኖሮ አፋቸውን ይይዙ ነበር። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት እየሰረሰረ፣ አባወራው ጋቢውን ደርቦ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ይጎርፋል። በር ላይ በተደገፈው ሰሌዳ የተጋጣሚዎቹ ስም በጠመኔ ተጽፏል፤ እንዲህ ያለ ያማረ የእጅ ጽሕፈት በየትኛውም ቢሮ ማስታወቂያ ላይ አይታይም። ውስጥ፣ ለአምስት ሰው በተሠራ አግዳሚ ዘጠኝ ሰው ይቀመጣል። ውሃ ወረፋ ላይ «ጀሪካኔን ነካህብኝ» ብሎ የሚጣላው ሰው እዚህ ጭኑን ለማያውቀው ሰው ወንበር አድርጎ ይሰጣል።

ትዕግሥታችንም ቦታውን ያውቃል። የማዋለጃ ክፍል መብራት ሲጠፋ «ምን ይደረግ፣ የአላህ ሥራ ነው» እንላለን። ኳስ መሃል ላይ ሲጠፋ ግን ለመብታችን እንቆማለን፤ ጄኔሬተሩ ትንሽ ከዘገየ የቤቱ ባለቤት ሰባት ትውልዱ ይቆጠርለታል።

ዕውቀታችንስ? የተከላካዩ የቱ ጅማት እንደተጎዳና መቼ እንደሚመለስ ከሐኪሙ ቀድመን እንናገራለን። የገዛ ልጃችን ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ስንጠየቅ ወደ እናቱ እንዞራለን። አንድ ሰው ሁሉን ሊያውቅ አይችልም።

ገንዘብ ላይም ቸሮች ነን። እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደኑ አርሰናል አማካዩን ዴክላን ራይስን በ105 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ጎረቤቴ «ምን አላት፣ በነፃ ነው!» ብሎ ፈረደ። በዚያው ሳምንት ሰኞ ገበያ ላይ እህል ከተሸከመለት ልጅ ጋር በአምስት ብር ሲጨቃጨቅ አገኘሁት። ወጣቶቻችን ደግሞ ደመወዛቸውን ውርርድ ቤት ያስቀምጣሉ። ሁሉም ጨዋታ ተሳክቶ አንዱ ብቻ ያፈርሰዋል፤ የተጨማደደው ትኬት መሬት ይወድቃል፤ ባለትኬቱም «ለትንሽ ነው የሳተኝ» እያለ፣ የቤት ኪራይ ሊበደር ወደ እናቱ ይደውላል።

የሰፈራችን ልጆች ሆጤ ሜዳ ሲጋጠሙ ግን እንደ ልብ ቦታ መርጦ መቀመጥ ይቻላል። ማልያ ባይኖራቸውም፣ እኛ የለንደኑን ክለብ ማልያ ለብሰን እናበረታታቸዋለን፤ በዚያ በኩል ካለፍን ማለቴ ነው።

ባለፈው የቅሬያችን (የሰፈር እድራችን) ስብሰባ የተቀደደው ድንኳን ጉዳይ «ገንዘብ የለም» ተብሎ ወዲያው ታለፈ። ከዚያ ስለ አርሰናል የቀድሞ አሠልጣኝ «ቬንገር ቢኖር ኖሮ» የሚል ክርክር ተነሥቶ እስኪመሽ ቆየን። በመጨረሻም ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቀን ሰው ከሞተ ቀብሩ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ተወሰነ። የተቃወሙት አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው፤ የእርሳቸው ቡድን ቅዳሜ 8:30 ስለሚጫወት ሰዓቱ ወደ 7 እንዲወርድላቸው ጠይቀዋል።